አራት ዘፈን ተኩል

ሐሙስ፣ 5

ወደቅሁ። አልሞትኩም። ሃያ ሦስት ብልቃጥ ደም ግን አስፋልት ላይ ቀረ፤ አንዱም የእኔ አይደለም።

ግራ እጄ በፋሻ ታስሯል። ደግነቱ የምጽፈውም፣ ስናደድ ጣቴን የምቀስረውም በቀኝ ነው።

ከአደባባዩ በፊት አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ እየመጣ መንገዴን ዘጋው። የፊት ፍሬን ጨበጥኩ፤ ፍሬኑ አልጨበጠም። የቀረውን ነገ።

ዓርብ፣ 6

የስምሪት ኃላፊያችን፣ ዘጠኝ ሞተረኞችን በየጠዋቱ በየአቅጣጫው የሚያሰማራው አለቃዬ፣ ስለ አደጋው የጻፈውን ሪፖርት ቢሮው ጠርቶ አነበበልኝ። (ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን ደብተሩ የእኔ ነው።) ሰውየው ሞተር ከሚያሰማራ ልቦለድ ቢጽፍ ይሻለው ነበር። «ሠራተኛዋ በሙዚቃ ተመስጣ ስትጓዝ የተሽከርካሪውን ክላክስ ባለመስማቷ» ይላል። «ተመስጣ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኮርቶባታል።

ማን አየኝ አልኩት። የበሩ ጥበቃ በየጠዋቱ ስወጣ ሄልሜቱ ውስጥ አፌ ሲንቀሳቀስ ያያሉ አለኝ። እኚህ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ካልተጠሩ የማይሰሙ ናቸው። እንግዲህ በእኛ መሥሪያ ቤት ስለ ድምፅ የሚመሰክሩት ጆሯቸው የከበደው ሰው ሆኑ።

እኔም ቃልሽን ጻፊ ተባልኩ። «ኤርፎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። የፊት ፍሬኑ አልያዘም።» ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። አንዳቸውም ሐሰት አይደሉም። ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ።

ማታ። ንዴቱ አላስተኛ ስላለኝ ልጻፈው። በባዮሎጂ ዲግሪዬን ይዤ ላብራቶሪው ባለሙያ ለመቅጠር ያወጣውን ፈተና አንደኛ አለፍኩ። ወንበሩ አራተኛ ለወጣችው፣ ለአለቃዬ የወንድም ልጅ ተሰጠ። ለእኔ «ለጊዜው» ሞተር አለ ተባለ፤ ከሆስፒታሉና ከጤና ጣቢያዎቹ የደም ናሙና ሰብስቦ ላብራቶሪው ማድረስ። ለጊዜው ካሉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በንዴት ነበር የተቀበልኩት፤ በሦስተኛው ቀን ወደድኩት። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ብናገር በደሌ ይቀልብኛል።

ሙዚቃውም ያኔ ነው የመጣው። ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም፤ ከሆስፒታሉ እስከ ላብራቶሪው አራት ዘፈን ተኩል ነው። በዝናብ አምስት። ስድስተኛው ከጀመረ አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ስንተኛው ላይ ነበርኩ? ይህ ጥያቄ አይደለም። ልተኛ።

ሰኞ፣ 9

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚቀመጠው በመጪው ወር፣ ሐሙስ 10 ነው። ጥፋተኛ ከተባልኩ ከሞተር እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ። እስከዚያ ድረስ መስኮት ላይ ቆሜ ሌሎች ያመጡትን ናሙና እረከባለሁ።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ሐሙስ የሰጡት ደም ስለጠፋ ድገሙ ተብለው ነው። «ልጄ፣ ደሜ የት ሄደ?» አሉኝ። ተደፋ አልኳቸው። ማን እንደደፋው አልጠየቁም። ትንሽ አሰቡና፣ «ይሁን። እኔ ዘንድ እያለም ብዙ ሥራ አልሠራም» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ውስጥ የጨረስኩት ሳቅ አልነበረም።

ረቡዕ፣ 11

እማዬ ጃኬቴን ልታጥብ ኪሶቹን ስትፈትሽ ኤርፎኑን አገኘች። አንዱን። ጓደኛውስ የት አለ አለችኝ። ስወድቅ ጠፋ አልኳት።

«ይሄኛው ኪስ ውስጥ ሆኖ ያኛው ከየት ወደቀ?»

ዝናብ እየመጣ ስለነበር የተሰጣውን ልብስ ላነሳ ሮጥኩ።

ዝናቡ ቀረ።

ቅዳሜ፣ 14

ሞተረኞቹ «ዲግሪ» ነው የሚሉኝ፤ ከዘጠኙ ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ፣ የተማርኩትም እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለየትኛው እንደሚያሾፉብኝ ገና አልወሰኑም። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ላይ የኖሩት፣ የእኔን የሆስፒታል መስመር ደርበው እየሠሩልኝ ነው። ዛሬ ሳጥናቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ እዚያ ጋ ስትቆሚ የሲኒማ ቤት ቲኬት ሻጭ መሰልሽ፣ ለመሆኑ ዛሬ ፊልሙ ምንድን ነው አሉኝ። የደም ፊልም ነው አልኳቸው።

ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ሁላችንም እንሰማለን እኮ፣ ዲግሪ። አንቺ ግን አፍሽን ታንቀሳቅሻለሽ» አሉ።

ለሌባ የሚሰጥ ምክር ነው። አንጀቴን ግን አራሰው።

ማክሰኞ፣ 17

ሁለት ሞተረኞች በጉንፋን ተኙ። አለቃዬ እያቅማማ፣ ኮሚቴው እስኪቀመጥ ድረስ ነገ ሞተርሽን አንሺ አለኝ። የእጄን ፋሻ ፈትቼ እየበረርኩ ጋራዥ ወረድኩ።

መካኒኩ ጎማ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ይህቺን ሞተር ማን ሲነዳት ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ ማን እንደሆነ እያወቀ። እኔ አልኩ። ከቆርቆሮ ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው። ሸራ የሚባል አልቀረባቸውም። ብረት ብቻ፣ ፊት የሚያሳይ።

«እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ጮኻለች። ብረት በብረት ሲፋጭ ሰፈር ይቀሰቅሳል። አልሰማሽም?»

ሰፈራችን እንቅልፉ ከባድ ነው አልኩት። ሳቀ። ታዲያ ቀድመህ ለምን አልቀየርክልኝም ብዬ በጥያቄ መለስኩለት። እኔ የሚላክልኝን ነው የምፈታው አለ፤ የሳምንቱ ቅጽ ደህና የሚለው ሞተር ጋራዥ አይመጣም።

ሸራዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኳቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሦስት ሳምንት።

ረቡዕ፣ 18

አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ የሚመለከተው አንድ ሰው ነው። በየጠዋቱ በሩ ላይ ጆሮዬ ይፈተሻል። የበሩ ጥበቃ እንደ ሐኪም ግራና ቀኜን አይተው «ንጹሕ» ይላሉ። አባባ፣ ያዩት ጆሮዬን ነው ወይስ ጉትቻዬን ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሜን፣ አንቺም ደህና ዋይ» አሉኝ።

ሊቀየሟቸው የማይቻል ሰው ናቸው። ሞክሬያለሁ።

ዓርብ፣ 20

ያለ ዘፈን ከሆስፒታሉ እስከ ላብራቶሪው ስንት እንደሆነ አሁን አወቅሁ። ማለቂያ የለውም።

ሞተሬ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ብርድ የመታት አክስት ትመስላለች። ካቴናው ያንሾካሹካል። ዝናቡ ሄልሜቴ ላይ ባቄላ ይበትናል። ሰው ደግሞ ይሰድበኛል። የገረመኝ ይህ ነው። በየመታጠፊያው ከመስኮት አንገቱን እያወጣ፣ መንጃ ፈቃዱን ከየት ገዛሽው፣ ቤት ሰው የለሽም ወይ፣ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰድቡኝ ኖረዋል፤ እኔ የፍቅር ዘፈን እየሰማሁ አልፌያቸዋለሁ። ያ ሁሉ የባከነ ስድብ ያሳዝናል።

መጥፎው እሱ አይደለም። ጆሮ ባዶ ሲሆን ሐሳብ ይገባበታል፤ የሚገባውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ ስድስት ምልልስ። ሒሳቡን ላብራቶሪው ደጃፍ ስደርስ እጨርሰዋለሁ፤ ስመለስ እንደገና ይጀምራል።

ሰኞ፣ 23

ሦስተኛው መብራት ላይ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ እንደምን አደርሽ አለኝ። ደህና፣ አንተስ እንደምን አደርክ አልኩት። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም ሲለኝ ኖሯል። እሱና ጓደኛው «ኩራተኛዋ» ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ አሁን ምን እንደሚሉኝ ተቸግረዋል።

ኩራተኛ አይደለሁም፤ አልሰማሁህም ነው አልኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ ምላሴን ነከስኩ። «አልሰማሁም» በዚህ ሰሞን ለእኔ የሚያዋጣ መልስ አይደለም።

ቅዳሜ፣ 28

ጎርፍ ድልድዩን ስለዘጋው ስምሪት የለም። አለቃዬ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ የወሩን የፍተሻ ቅጾች ፋይል ውስጥ እንድደረድር አዘዘኝ።

ቅጹ እንዲህ ነው። ሰኞ ሰኞ እያንዳንዱ ሞተረኛ መብራቱን፣ ጎማውን፣ ካቴናውንና ፍሬኑን አይቶ «ደህና» ብሎ ይፈርማል። አለቃ ያያል፤ ያረጋግጣል፤ ማኅተም ይመታል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ጥድፊያ ስለሆነ፣ አለቃ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የወሩን ሰኞዎች ሁሉ ደርቦ ያቀርባል። ሄልሜታችንን በብብታችን ይዘን ቆመን እንፈርማለን። እሱም ሁሉንም ባንዴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ጊዜ ቆጠብን እንላለን። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስናደርግ፣ መጪውን ሰኞ ማን አየው ያለ የለም። እኔም፣ ባለ ዲግሪዋ፣ አላልኩም።

የራሴ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሰኞ 9፦ ፍሬን፣ ደህና። ሰኞ 16፦ ፍሬን፣ ደህና። ፊርማዬ አለ፤ ጅራቱ ሳይቀር ተሽሞንሙኗል። ማኅተሙም ደማቅ ነው። በእነዚያ ሰኞዎች ሞተሬ ጋራዥ ውስጥ የፊት ጎማዋ ወልቆ ተጋድማ ነበር፤ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር።

አሳቀኝ። አለቃዬ በሌለችበት ያረጋገጣት ሞተር። ይህ ወረቀት እሱን ይጥለዋል፤ እኔን ያነሳኛል። አምስቱንም ቅጽ ኮፒ አደረግኋቸው።

ቤት ስደርስ ሳቁ አልነበረም። ሰኞ 2 ላይም «ፍሬን፣ ደህና» ይላልና። ያን ዕለት ሞተሯ መጮኽ ከጀመረች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ያስፈረመኝ እሱ ነው። የፈረምኩት ግን... 

እማዬ እራት ቀረበ እያለች ነው።

ሰኞ፣ 30

ቅጾቹን ለጋሼ አሳየኋቸው። ይደሰቱልኛል ብዬ ነበር። ረጅም ጊዜ አገላብጠው መለሱልኝ። ይህቺን ወረቀት ካወጣሽ ሁላችንንም ይዛን ነው የምትወጣው አሉ፤ ሁሉም ፈርሟል፤ የሐሰት ፊርማ ደግሞ ከዘፈን ይብሳል። እኔስ ብዬ ጮህኩ። ለሁላችን ጥፋት እኔ አንዷ ብቻ ልቀጣ ወይ አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ።

አልተቆጡም። «አንቺ ሌላ ወንበር አታጪም። እኔ ከሞተር ከወረድኩ እግረኛ ነኝ» ብለው ሄልሜታቸውን አጠለቁ።

ተናድጄ መመለሻው ላይ አንድ መታጠፊያ ሳትኩ። ያለ ምንም ዘፈን።

ረቡዕ፣ 2

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ሬዲዮ ካልተከፈተ መርፌ አትነካም። ዛሬ የበደሌን ታሪክ ለአርባኛ ጊዜ ስተርክላት፣ አንቺም እኮ ያኔ መርፌው ጣትሽን ሲበሳሽ ሬዲዮውን የከሰሰው የለም አልኳት። በነገር ያዝኳት ብዬ ደስ አለኝ።

«ማንም አልከሰሰውም» አለች። ጨርቁን አዙራ አንድ ረድፍ ሰፋች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እኔ ግን አውቅ ነበር» አለች።

ስለ ሁለተኛው ኤርፎን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 7

አዲስ ወር። አለቃዬ አራት ሰኞ ደርቦ መጣ። ስምንቱ ፈረሙ። እኔ ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሞተሬን ዞሬ አየሁ፤ ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ካቴናውን ነካሁ፤ ተመልሼ የዛሬውን ብቻ ፈረምኩ። ቀሪዎቹን ሰኞዎች ሲመጡ አያቸዋለሁ፤ ትንቢት አልተማርኩም አልኩት። ሥራ አደናቃፊ አለኝ። ከኋላ አንዱ፣ ኮሚቴ ሲቀርብ ጻድቅ ሆነች አለና ተሳሳቁ።

ጋሼ አልሳቁም። ፈርመውም ነበር፤ አራቱንም።

ሐሙስ፣ 10

ጠዋት። ሸራዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። የራሴን ቅጾች ብቻ ይዣለሁ። የምናገረው ተሸምድዷል፤ ኤርፎኑ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፍሬኑ አልያዘም፤ ቅጹ ይኸው።

ማታ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ የአስተዳደር ኃላፊዋ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ እንደ ጥርስ ሐኪም። አለቃዬ ልቦለዱን እንደገና አነበበ። ተመስጣ ላይ እንደገና ዝቅ አለ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሙዚቃ ትሰሚ ነበር ወይስ አትሰሚም ነበር?» አሉ።

የሸመደድኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። እዚያው ተቀምጦ የነበረ ሌላ ነገር ቀድሞት ወጣ።

«እሰማ ነበር» አልኩ። «አንዱ ኪሴ ውስጥ፣ አንዱ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የጻፍኩላችሁ ግማሹን ነው።»

የአለቃዬ ፊት በራ። ሸራዎቹን ከጋዜጣው ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሚኒባሱ ክላክስ አልነፋም አልኩ። በአንድ ጆሮም ቢሆን ክላክስ ይሰማል። ያልሰማሁት እነዚህን ነው። ሦስት ሳምንት ጮኹ፤ እኔ ሦስት ሳምንት ዘፈን ሰማሁ። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው አይደለም። ከዚያ ቅጾቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁ።

«ለሰኞ 9 ይህ ፍሬን ደህና ነው ብዬ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ፤ ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ ነበር። እሳቸው ደግሞ አይቻለሁ ብለው ማኅተም መትተዋል። የእኔ ጆሮ ላይ ዘፈን ነበረ። የእሳቸው ዓይን ላይ ምን ነበረ?»

ሰብሳቢዋ ሌሎቹም እንዲህ ነው ወይ የሚፈርሙት አሉ። የምመልሰው ስለ ራሴ ነው አልኩ። ጋሼ ለምስክርነት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ስለነበር አስጠሯቸው። እርስዎስ ተባሉ። ጋሼ ወለሉን እያዩ፣ እኔ ሰኞ ሰኞ ነው የምፈርመው አሉ። ሰብሳቢዋ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው፤ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። እኔ ግማሽ ቃል ስለሰጠሁና ኤርፎን ስላደረግሁ ለሦስት ወር ከሞተር እወርዳለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ፤ እመለሳለሁ የሚለው ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ አስነበብኳቸው። አለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ጋራዥ ወርዶ ቆሞ ያያል። ደርቦ መፈረም ቀርቷል። ሞተሮቹን ከመካኒኩ ጋር እየመረመረች ቅጹን የምትሞላው ደግሞ፣ ጽሕፈቷ ስለሚያምር፣ እኔ ነኝ። ቅጣት ይሁን ሹመት አልገባኝም።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ሦስት ወር» አለች። ሬዲዮውን ቀነስ አደረገችና ሱሪዬን ስጪኝ፣ ጉልበቱን ልጣፈው አለች።

ሰኞ፣ 14

ስምንት ሞተር በዝናብ ተሰልፎ፣ ስምንት ሰው በአንድ አፍ ያማኛል። አለቃዬ ጃንጥላ ሥር ቆሞ ሞተሮቹን እንደ ባዕድ ያያቸዋል። መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ ሰጠኝ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ላይ አድርጊ አለ። ሳደርገው የብረቱ ሆድ ዕቃ በሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ማንኛውም ኤርፎን እንዲህ ጥርት አድርጎ አያሰማም፤ ይህን ግን ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ መመሪያ ያወጣበታል።

አምስቱ ደህና ናቸው። ስድስተኛዋ የጋሼ ነበረች። የፊት ጎማዋን ሳሽከረክር ቀጭን ድምፅ አለ፤ ቢላ ድንጋይ ላይ ሲሳል የሚመስል። ደገምኩት። አለ።

ጋሼ፣ ይህቺ ዛሬ አትወጣም አልኳቸው።

ከሐሙስ ጀምሮ አልተነጋገርንም ነበር። «ቂም ነው፣ ዲግሪ?» አሉኝ። መካኒኩ ጎማውን አወለቀ። ሸራው እንደ ወረቀት ሳስቶ አንድ ጥጉ ብረት ነክቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት፤ በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። እኔ ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ ፍሬን፣ ደህና አይደለም። አለቃዬ ማኅተሙን ይዞ ግራ ገባው፤ እንዲህ ያለ ላይ መትቶ አያውቅም።

ሌሎቹ ወጡ። አዲስ ሸራ እስኪመጣ እኔና ጋሼ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ሰው እንዳይሰማ ይመስል ዝቅ ብለው፣ «ለመሆኑ ያን ቀን ምን ነበር የምትሰሚው?» አሉኝ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ የለም። አለቃዬም፣ ኮሚቴውም፣ እማዬም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የለም። ስሙም ዜማውም የለም። ያን ያህል የዋሸሁለት፣ የተሟገትኩለት ዘፈን ጠፋኝ።

አላስታውሰውም ጋሼ አልኳቸው።

ያሾፉብኛል ብዬ ጠበቅሁ። የተፈታው ጎማ ላይ እንዳፈጠጡ፣ «እኔም ዛሬ ስመጣ የሰማሁትን አላስታውሰውም» አሉ።